ኩላሊታቸው ለደከመ ሰው ገበታ የሚስማማው ማባያ የትኛው ነው?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)፦

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ዕድሜያቸው ስልሳዎቹን አጋምሷል። ለብዙ ዓመታት ከደም ግፊት ጋር ከኖሩ በኋላ፣ በቅርቡ በተደረገላቸው ምርመራ ኩላሊታቸው እንደደከመና ሕመሙ ሦስተኛ ደረጃ ላይ እንደደረሰ ተነግሮናል። እጥበት አልጀመሩም። የሚወስዱት ዋና የግፊት መድኃኒት ኢናላፕሪል ሲሆን፣ የደማቸው የፖታሲየም መጠን በመጨረሻው ምርመራ 5.3 ሆኖ ተገኝቷል። ሐኪማቸው ጨው እንዲቀንሱና ፖታሲየም ከበዛባቸው ምግቦች እንዲጠነቀቁ ነግረው አሰናበቱን፤ ውጭ የቆመው ወረፋ ረጅም ስለነበር ከዚያ በላይ ለመጠየቅ አልተመቸንም።

ያስጨነቀኝ ከወጡ ይልቅ ከወጡ ጎን የሚቀርበው ነገር ነው። አባቴ አዋዜ የሌለበትን ገበታ እንደ ገበታ አይቆጥሩትም፤ ሥጋ ሲኖር ሚጥሚጣና ስናፍጭ ይፈልጋሉ፤ ቡናቸውንም ገጠር ሳሉ እንደለመዱት በጨው ነው የሚጠጡት። ታናሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ደግሞ «ሶዲየሙ የተቀነሰ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ጨው ይዞላቸው መጥቷል። እናቴ ደስ ብሏት ልትጠቀምበት ስትል፣ ጠይቀን እስክንረዳ ይቆይ ብዬ እኔ አስቀምጬዋለሁ።

ጎረቤቱም ምክሩን አልነፈገንም። አንዱ በርበሬ ለኩላሊት መርዝ ነው ይላል፤ ሌላው የጥቁር አዝሙድ ዘይት ጠዋት ጠዋት ይጠጡ ይላል። በዚህ ላይ በቤታችን ሁሉም የሚበላው በአንድ ትሪ ዙሪያ ስለሆነ፣ ለአባቴ ለብቻቸው ሰሃን ማቅረብ ቅር ያሰኛቸዋል፤ አንድ ጊዜ ሞክረነው ሳይነኩት ተነሥተዋል። ስለዚህ ከአዋዜ፣ ከሚጥሚጣ፣ ከስናፍጭ፣ ከካቻፕ፣ ከቲማቲም ድልህ፣ ከሾርባ ኪዩብ፣ ከሎሚና ከአቼቶ የትኛውን ከፊታቸው ላንሣ፣ የትኛውንስ ልተውላቸው? ዕውቀቱ ወይም ልምዱ ያላችሁ እንድታስረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦

ወአለይኩም ሰላም እህቴ፤ አላህ አባታችንን ያሽርልን። በሥነ ምግብ ሙያ የምሠራ ሰው ነኝ። የአባትዎን የምርመራ ወረቀት ስላላየሁ የምጽፈው ሐኪማቸውን የሚተካ አይደለም፤ ሆኖም የጠቀሷቸውን ማባያዎች አንድ በአንድ ለማየት የሚያስችል በቂ ነገር ነግረውናል።

በመጀመሪያ የጎረቤትዎን ነገር እናስተካክል። የሚያቃጥል ሁሉ ኩላሊትን ያቃጥላል የሚለው እምነት በእኛ አካባቢ ሥር የሰደደ ነው፤ ነገር ግን በርበሬን የሚያፋጀው ንጥረ ነገር በምግብ ውስጥ በምንበላው መጠን ኩላሊትን እንደሚጎዳ የሚታወቅ ነገር የለም። ጨጓራቸውን የሚያማቸው ከሆነ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ለኩላሊት የሚያሰጋው በርበሬው ተሸክሞት የሚመጣው ጨው ሲሆን፣ ቀጥሎ ደግሞ ፖታሲየሙ ነው፤ የሁለቱም ክብደት እኩል ስላልሆነ ለየብቻ ማየቱ ይበጃል።

የኩላሊት ሕመም ላለባቸው ሰዎች የሚመከረው የጨው መጠን በቀን ከ5 ግራም በታች ነው። ይህም ወደ 2000 ሚሊ ግራም ሶዲየም የሚጠጋ ሲሆን፣ በቤት መለኪያ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። ይህ መጠን የወጡን፣ የዳቦውን፣ የቆሎውን፣ የአዋዜውንና የቡናውን ጨው ሁሉ አንድ ላይ ደምሮ የሚይዝ እንጂ ለየምግቡ የሚሰጥ አይደለም። ጨው ሲበዛ ሰውነት ውኃ ይይዛል፣ ግፊቱ ይወጣል፣ በሽንት የሚወጣው ፕሮቲን ይጨምራል፤ የሚወስዱት ኢናላፕሪልም መሥራት የሚገባውን ያህል አይሠራም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚነሣው የቡናው ጨው ይመስለኛል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያሉ በየስኒው የሚጨመረው ቁንጥጫ ጨው ጠዋትና ማታ ሲደመር የቀኑን ድርሻ ጉልህ ክፍል ይወስዳል፤ በምትኩ አንዲት የጤና አዳም ቅርንጫፍ ስኒው ውስጥ ጣል ማድረግ ለወሎ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

አዋዜን በተመለከተ ችግሩ ጨው ሁለት ጊዜ የሚገባበት መሆኑ ነው፤ በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፣ ሲበጠበጥም እንደገና ይጨመርበታል። ሚጥሚጣም ብዙ ጊዜ ከጨው ጋር ተፈጭቶ ስለሚሸጥ ከዚሁ ይመደባል፤ የሚበላው በቁንጥጫ መሆኑ ብቻ ነው የሚያቀልለው። ወደ ፖታሲየሙ ስንመጣ፣ 100 ግራም የደረቀ የበርበሬ ዱቄት 2000 ሚሊ ግራም ገደማ ይይዛል፤ ቁጥሩ ያስፈራል፣ ነገር ግን አንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ከ7 እስከ 8 ግራም ስለሚመዝን የሚደርሳቸው ወደ 150 ሚሊ ግራም ነው። ፖታሲየም ከፍ ላለባቸው ሕመምተኞች ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የቀን ገደብ ከ2000 እስከ 3000 ሚሊ ግራም መሆኑን ስናስብ፣ እንጀራው ጫፍ ላይ የምትነካ አዋዜ የምታስደነግጥ አይደለችም። የሚያስጠነቅቀው በርበሬው በጭልፋ የሚገባበት ቀይ ወጥ በድንችና በቲማቲም ታጅቦ ሲቀርብ ነው።

የቲማቲም ድልህ ግን እንደ ቲማቲም አይታሰብ። ትኩስ ቲማቲም በ100 ግራም 240 ሚሊ ግራም ያህል ፖታሲየም ሲኖረው፣ ተመጥጦ ድልህ የሆነው 1000 ይደርሳል። ስለዚህ ቁሌቱን ለማቅላት ድልህ ማንኪያ በማንኪያ የመጨመር ልማድ ካለ ይቅር፤ ቀይ ሽንኩርቱ በዝግታ በደንብ ከተቁላላ ቀለሙንም ጣዕሙንም ራሱ ይሰጣል፣ ፖታሲየሙም አነስተኛ ነው። ካቻፕ በአንድ የሾርባ ማንኪያ 150 ሚሊ ግራም ያህል ሶዲየምና ስኳር አለው፤ አልፎ አልፎ በትንሹ ቢነካ አይከፋም። የአኩሪ አተር ሶስ በአንጻሩ በአንድ ማንኪያ 900 ሚሊ ግራም ሶዲየም ስለሚጠጋ ጨርሶ ባይገዛ ይሻላል። የሾርባ ኪዩብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ በላይ ጨው ነው። እኔ ብሆን ኪዩቡን ዛሬውኑ ከጓዳ አወጣው ነበር።

ስናፍጭ ቤት ውስጥ ያለ ጨው ከተሠራ ሳይሠጉ ያቅርቡላቸው፤ አፍንጫን የሚያነቃው ኃይሉ ከዘሩ እንጂ ከጨው አይመጣም። ሎሚና አቼቶ በሚጨመሩበት መጠን ሶዲየማቸውም ፖታሲየማቸውም ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ 15 ሚሊ ግራም ገደማ ፖታሲየም ብቻ ነው ያለው። ኮምጣጣነት የጨውን ጉድለት በምላስ ላይ ስለሚሸፍን፣ ወጡ ከእሳት ከወረደ በኋላ ጥቂት ሎሚ ጠብ ማድረግ ጨው ለመቀነስ ካሉት መንገዶች ሁሉ ቀላሉ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ፖታሲየም መቀነስ ለኩላሊት ሕመምተኛ ሁሉ የሚታዘዝ አይደለም፤ በደም ምርመራ ከፍ ያለበት ሰው ነው የሚቀንሰው። የአባትዎ 5.3 ከፍ ወዳለው ያዘነበለ ስለሆነ ምርመራው በሐኪማቸው ቀጠሮ መደገም አለበት፤ እስከዚያው መድኃኒቱን በራሳቸው ውሳኔ እንዳያቋርጡ አደራ።

እመት ዓለም (ወልድያ)፦

ልጄ፣ እግዜር አባትሽን ይማርልሽ። ባለቤቴ በእጥበት ላይ ያሉ ናቸውና የአንቺን ጭንቀት ከጓዳ አውቀዋለሁ። የሥነ ምግብ ባለሙያው በቁጥር ያስረዱትን እኔ በሙያ ልንገርሽ።

መፍትሔው የሚጀምረው በርበሬው ሲዘጋጅ ነው። ዛላው ተቀንጥሶ ፀሐይ ከመታው በኋላ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉ፣ ከበሶብላውና ከጤና አዳሙ ጋር ሲደለዝ፣ እናቶቻችን ጨውንም አብረው ይከቱበታል። እኔ ጨው ከመግባቱ በፊት ለባለቤቴ የሚበቃውን ለይቼ አነሣለሁ፤ በሌላ ሰፌድ ይሰጣል፣ ኮረሪማው፣ ድንብላሉ፣ ነጭ አዝሙዱና ጥቁር አዝሙዱም ታምሶ ለብቻው ይገባበታል። ጨው ሲቀር ቅመሙን ከወትሮው ከፍ ማድረግ ይገባል፤ በተለይ ኮረሪማውን አትሰስቺበት። ወፍጮ ቤት ስትሄጂም ያለ ጨው የተዘጋጀውን አስቀድመሽ አስፈጪ፤ ከሌላ ሰው ጨዋማ በርበሬ ወይም ሽሮ በኋላ ከተፈጨ፣ ወፍጮው ውስጥ የቀረው ይቀላቀልና ልፋትሽ ከንቱ ይሆናል። ባለወፍጮው ቢያጉረመርምም ፈገግ ብለሽ እለፊው። ሽሮንም እንደዚሁ አድርጊ፤ ከገበያ የሚገዛ የተዘጋጀ ሽሮ ጨው የሌለው መሆኑን ማንም ሊያረጋግጥልሽ አይችልም።

አዋዜውን የምሠራው ከዚህ በርበሬ ነው። በፈላና በቀዘቀዘ ውኃ እበጠብጠዋለሁ፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል እጨምራለሁ፣ ሊቀርብ ሲል ሎሚ እጨምቅበታለሁ። መጀመሪያ ላይ ባለቤቴ «ይሄ ምን ይባላል?» እያሉ ገፍተውት ነበር፤ ምላስ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይላመዳል፣ አሁን ሰው ቤት ሲበሉ ጨው በዛ የሚሉት እሳቸው ናቸው። ለስናፍጩ ዘሩን አጥቤና አድርቄ በደንብ እፈጨዋለሁ፣ በለብታ ውኃ ለውሼ ከድኜ አቆየዋለሁ፣ ኃይሉ ሲወጣ በዘይትና በጥቂት አቼቶ አላላዋለሁ። በጾም አዚፋ ስሠራም ይኸንኑ ስናፍጭ ነው የምጠቀመው፤ ምስሩን ግን ቀቅዬ ውኃውን እደፋለሁ፣ ከፖታሲየሙ ከፊሉ ከውኃው ጋር ይሄዳልና።

የትሪውን ነገር በተመለከተ፣ ለአባትሽ ለብቻ አታቅርቢላቸው፤ ታሞ ለብቻ መብላት ከሕመሙ ይብሳል። ለቤቱ ሁሉ ያለ ጨው ሠርተሽ፣ ጨው የሚፈልግ በራሱ በኩል ነስነስ እንዲያደርግ በትንሽ ዕቃ አቅርቢ። ከላይ የሚነሰነስ ጨው ቶሎ ምላስ ስለሚደርስ፣ ድስት ውስጥ ከሚገባው ባነሰ መጠን ያጠግባል፤ ግፊት ላለባቸው ሌሎች የቤቱ ሰዎችም ይበጃል። ዕቃው ግን ከአባትሽ እጅ ራቅ ይበል! የእኔው ሰውዬ እንግዳ ሲመጣ ጨዋታውን ተገን አድርገው እጃቸውን ሲሰዱ ስንት ጊዜ ይዣቸዋለሁ።

የመድኃኒት ባለሙያ (ደሴ)፦

ሁለቱም ጥሩ አስረድተዋል፤ እኔ የምመለሰው ወንድምዎ ወዳመጡት ጨው ነው፣ ምክንያቱም በጥያቄዎ ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ አስቸኳዩ እርሱ ነው። ሶዲየማቸው የተቀነሰ ተብለው የሚሸጡ ጨዎች አብዛኛውን ጊዜ ከሶዲየሙ ከፊሉን ወይም ሁሉንም በፖታሲየም ክሎራይድ የተኩ ናቸው። ማሸጊያውን ያገላብጡና በዝርዝሩ ውስጥ ይህ ስም ወይም «ኢ 508» የሚለው መለያ እንዳለ ይመልከቱ። ንጹሑ ፖታሲየም ክሎራይድ በሩብ የሻይ ማንኪያ ብቻ ከ600 ሚሊ ግራም በላይ ፖታሲየም ይይዛል። ይኸው ጨው ኩላሊታቸው ጤነኛ ለሆኑ የግፊት ሕመምተኞች ሊጠቅም ይችላል፤ ስለዚህ ወንድምዎ በክፋት ወይም በግድየለሽነት አላመጡትም። ነገር ግን ኢናላፕሪል ራሱ ፖታሲየም በሰውነት ውስጥ እንዲቆይ የሚያደርግ መድኃኒት ነው፤ የደከመ ኩላሊት፣ ኢናላፕሪልና ይህ ጨው አንድ ላይ ከገጠሙ ፖታሲየሙ በድንገት ከፍ ሊልና የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል፣ ያውም ምንም ምልክት ሳያሳይ። አባትዎ እንዳይቀምሱት፤ ለአንድ ትሪ የሚበስለው ወጥ ውስጥም እንዳይገባ። ፖታሲየምን የሚያስቀር ሌላ መድኃኒት የሆነውን ስፓይሮኖላክቶን የሚወስዱ ሰዎችም ይህንኑ ልብ ይበሉ።

የባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ከአፋር የሚመጣው አሞሌ ወይም ሮዝ ቀለም ያለው የውጭ ጨው የተሻለ ነው የሚሉም አይጠፉም። ሁሉም በዋናነት ሶዲየም ክሎራይድ ናቸው፤ ልዩነታቸው አሞሌው አዮዲን ያልተጨመረበት መሆኑ ነው፣ እንቅርት በሚታይበት ደጋ ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለቤተሰቡ የሚቀርበው ጥቂቱ ጨው አዮዲን ያለው ይሁን።

ጥቁር አዝሙድን በተመለከተ፣ በዳቦ ላይ የሚነሰነሰውና በርበሬ ውስጥ የሚገባው ዘር ማንንም አያሳስብም። ዘይቱን በማንኪያ በየቀኑ መጠጣት ግን ማባያ መሆኑ ቀርቶ መድኃኒት መውሰድ ነው፤ ግፊትንና ስኳርን ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል ከሚወስዱት መድኃኒት ጋር መታየት አለበት። የሃይማኖት ክብር ያለው ነገር መሆኑን አውቃለሁ፤ ለሐኪማቸው ሳይነግሩ እንዳይጀምሩ ብቻ ነው የምለው። እርድም፣ ነጭ ሽንኩርትም፣ ዝንጅብልም በወጥ ውስጥ ሲሆኑና በእንክብል ሲወሰዱ አንድ አይደሉም።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)፦

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ማሸጊያውን አገላብጬ ሳየው ፖታሲየም ክሎራይድ የሚል ተጽፎበት አገኘሁ፤ ለወንድሜ ነግሬው ጨዉ ከቤት ወጥቷል። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛው፣ ረመዳን ሲመጣ የማፍጠሪያው የአጃ ሾርባ ያለ ኪዩብ ጣዕም እንዳይነሣው እንዴት ልሥራው? ሁለተኛው፣ እመት ዓለም ያሉትን አዋዜ ብዙ ሠርቼ ባስቀምጠው ይቆያል ወይ?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦

ለሾርባው ቀይ ሽንኩርት በጥቂት ዘይት እስኪጠወልግ አቁላልተው፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቂት ሥጋ፣ ቁንዶ በርበሬና ኮረሪማ ያስገቡ፤ አጃው ከበሰለ በኋላ ከእሳት ሲያወርዱ የተፈተፈተ በሶብላ ወይም ከደጋው የሚመጣውን ጦስኝ፣ በመጨረሻም ሎሚ ይጨምሩ። ኪዩቡ የሚሰጠው የሥጋ ጣዕም ከሥጋውና በደንብ ከተቁላላው ሽንኩርት ይገኛል፤ ጊዜ ግን ይፈልጋል። በኪዩብ ምትክ የታሸገ የሾርባ ዱቄት ለመግዛት ካሰቡ፣ ከጨው በተጨማሪ በዝርዝሩ ውስጥ ፎስፌት የሚል ቃል ወይም ከ«ኢ 338» እስከ «ኢ 341» እና ከ«ኢ 450» እስከ «ኢ 452» ያሉ መለያዎች መኖራቸውን ይመልከቱ፤ የደከመ ኩላሊት ፎስፈረስንም ማስወጣት ያዳግተዋል፤ በፋብሪካ የተጨመረ ፎስፈረስ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ደም ይገባል፣ በጥራጥሬ ውስጥ በተፈጥሮ ያለው ግን ግማሽ ያህሉ ነው የሚገባው። ተምርም ፖታሲየም አለውና በአንድ ይወሰኑ። መጾማቸውን ራሱን ግን ከወሩ በፊት ከሐኪማቸው ጋር ይምከሩበት፤ ለታመመ ሰው አለመጾምን ሃይማኖቱም ፈቅዷል።

እመት ዓለም (ወልድያ)፦

አዋዜውን ብዙ አትሥሪ፣ ልጄ። ድሮ የበርበሬ ድልህና አዋዜ ሳይበላሽ ይከርም የነበረው ከሌላው ነገር ይልቅ በጨው ብርታት ነው፤ ጨው ሲቀር ቶሎ ይሻግታል። ደረቁን በርበሬ ያለ ጨው በብዛት አዘጋጅተሽ እርጥበት በማይነካው ዕቃ አስቀምጪ፤ ብጥብጡን ግን በጥቂቱ ብቻ ሥሪ፣ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፣ በንጹሕ ደረቅ ማንኪያ ይጨለፍ፣ ቢበዛ ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በላይ አታቆዪው። ነጭ ሽንኩርት ወቅጠሽ በዘይት አጥለቅልቀሽ ከፍሪጅ ውጭ እንዳታቆዪም ተጠንቀቂ፤ አየር በማያገኝበት ዘይት ሥር ሽታውንም መልኩንም ሳይለውጥ መርዝ የሚያወጣ ተህዋስ ሊያድግበት ይችላል። ሎሚውን ሊበላ ሲል ብቻ ጨምቂው፤ ቀድሞ ከገባ ይመርረዋል።